የቆመችበት ሒሳብ

በቦሪናዥ፣ ዝናቡ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጠቁሮ በሚወርድበት፣
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬ ጭቃ ማቡካት።
ማታ ማታ ደግሞ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ዘፍቆ
ያላለቀውን ገላ መሸፈን፣
እንዳያድር ደርቆ፣ እንዳይነጋ ተሰንጥቆ።

ፊሎመን በኅዳር መጣች፤
ጋዙ ፈንድቶ ጉድጓዱን በበላ በአራተኛው ወር፤
ከሰል በምትለቅምበት እጇ በሩን ገፍታ፣
«ቆሞ ለመታየት በሰዓት ስንት ነው?» አለች ቀጥታ።
መምህሩ ዋጋ ጠራ። ከለቀማው እኩል ነበር።
ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ቆመች፤ ሌላ የለ ነገር።

«ሐዘንሽን አሳዪኝ» ይላታል፤ «ወደዚያ፣ ወደ ወደቀው።»
እሷ ግን የምታየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው።
«ትንሽ እንባ እንኳ...» ሲላት፣
«እንባ ከተጨመረ» አለችው «ዋጋውም ይጨመር።»
ሳቅሁ። መምህሩ በጥፊ አጮለኝ።
እሷ አልሳቀችም ነበር።

ወለሉ ላይ የተዘረጋው የሸክላ ሬሳ
ወጣት ነው፤ መልአክ ይመስላል፤ አንድ አጥንቱ አልጎበጠ።
በሦስተኛው ቀን አጎንብሳ አየችውና፣
«ይሄ ጋሪ ገፍቶ አያውቅም» አለች።
«የገፋ ሰው እንዲህ አይተኛም። ግራ ትከሻው ይወርዳል።
ኦዲሎን የሰቀለው ኮት እንኳ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር፤
ሚስማሩ ጠሞ እየመሰለኝ
ስንት ጊዜ ነቅዬ መልሼ መታሁት።»

መምህሩ ቢላውን ለወጠ።
ትከሻው ሲወርድ፣ ጭቃው ባል ሆነ።

ኩባንያው እሳቱ እንዳይወጣ ብሎ የጉድጓዱን አፍ በጡብ ደፍኖታል።
ሠላሳ አንድ ሰው እዚያው ነው።
መቃብር ቦታ ስማቸው ተጽፏል፤
ከስሙ ሥር ያለው አፈር፣ አፈር ብቻ ነው።

በዚያ ማታ ባልዲውን ሳነሣ «ስጠኝ» አለችኝ።
ጨርቁን ጨምቃ ተንበረከከች።
ግንባሩን አበሰች፤ የአንገቱን እጥፋት፤ ከጆሮው ኋላ፤
ከሰል የት እንደሚደበቅ ታውቃለች፣
ሰባት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አጥባዋለች።
እርጥቡ ሸክላ በጣቷ ተላጠ።
መምህሩ አየ። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሳንቲሙን ሲቆጥርላት አንዱን መልሳ ገፋችው።
«የኋለኛዋን አትቁጠር።
እሷ የራሴ ሰዓት ነበረች።»

ዛሬ ነሐስ ነው፤ አደባባይ ላይ።
የኩባንያው ጌታ ባርኔጣውን አውልቆ ንግግር አድርጎበታል፤
ርግብ አርፎበታል፤ በረዶ ተኝቶበታል።
እኔም ሸምግዬ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ፤
አስጎብኚው በዱላው ትከሻውን እየጠቆመ፣
«እዚህ ጋ ቀራፂው ልክ ስቷል» ይላል፣ ሁልጊዜ።
ሰዎቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።

ከጆሮው ኋላ ግን ላጎነበሰ ብቻ ነው የሚታየው፤
ሦስት ጣት፣ ወደ ታች የተሳበ።