በውሃ የመጣ

ሐርቡ ነው ትምህርት ቤቱ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣
ቆርቆሮው ይንጣጣል በቀትር ነዶ።
ሰኞ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ “ለ”፤
ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ የለ።
እኔ በጠመኔ ባሕር እስላለሁ፣
ከባሕሩ አጠገብ ደን እጨምራለሁ።

“ከስምንት መቶ ዓመት በፊት፣ በዚህ በባልቲክ ዳር፣
ሊቮች የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር።
ዛፍ ነው አድባራቸው፣ ልክ እንደ ዋርካችን፣
ከሥሩ ይለምናሉ ዝናብና ጤናን።
መጡባቸው በመርከብ፣ ነጭ ካባ ለብሰው፣
መስቀል ከነሰይፉ ደረት ላይ አትመው።
ወይ ውሃው ወይ ስለት፣ ምርጫው ይኸው ነበር፤
ሊቮች ተጠመቁ በወንዛቸው ዳር።
መርከቡ ሲመለስ፣ ሸራው ሲርቅ ካይን፣
ወንዝ ገብተው አጠቡት ያንን ጥምቀት፣ ያንን፤
‘በውሃ የመጣ በውሃ ይሂድ’ ብለው፣
ካባ ለባሾቹን እንዲከተል ወደ ባሕር ላኩት ገፍተው።”

ከኋላ ወንበር መኪያ እጇን አወጣች፤
“ቲቸር፣ ይሄማ የኛ ነው” አለች።
ጠመኔው ተሰበረ።
መልስ አልነበረኝም። ነበረኝ።

የአያቴ አያት ቡሽራ ጨፋ ላይ አራሽ ነው፤
ነጋሪቱ ማሽላ ሲጠብቅ ደረሰው፦
“ማተብ ያላሰረ መሬት የለውምና፣
ሰኞ በማለዳ ውረድ ቦርከና።”
ወረዱ፣ ተሰለፉ፣ እስከ ጉልበት ገቡ።
ቄስ እንዳላማውን ጉንፋን ይዟቸዋል፤
ጸሎቱን በየመሃሉ ሳል ይቆርጠዋል።
ጸሐፊው ሰነፈ፣ ሰዉ አላልቅ ቢለው፣
ሠላሳውን ባንድ ስም ጠቅልሎ ጻፈው፦
እነዚህ በሙሉ ወልደ ሚካኤል፣
እነዚያ በሙሉ ወልደ ገብርኤል።
ቡሽራ ከሁለተኛው መንጋ ተቆጠረ፤
ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ጥቁር ክር አሰረ።
ሚስቱን ሰዓዳን ወለተ ገብርኤል አሏት፤
በሬውን ረሱት፤ ዳልቻ እንደተባለ ገባ በረት።

ሌሊት፣ ጅብ ሳይገባ፣ ኮቴ ሳያሰማ፣
ቡሽራ ወንዝ ወረደ በድቅድቅ ጨለማ።
አሸዋ ዘገነ፣ ግንባሩን ፈተገው፣
ሜሮኑ የነካውን እስኪደማ ላገው።
ሊቮችን አያውቅም፣ ባልቲክን አልሰማም፤
“ውሰደው” ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ አላማም።

ያን ጊዜ ከማዶ ሳል።
ደረቅ ሳል።
“ማነህ?”
“ወልደ ገብርኤል።”
“የትኛው?”
ቡሽራ ዝም አለ። ውሃው ብቻ አወራ።
“እኔም” አሉ ቄሱ፣ “እጄን ልታጠብ ነው የመጣሁ፤
ጨለማ ነው፣ ልጄ፤ ማንንም አላየሁ።”
ሄዱ፣ እየሳሉ።

ማተቡን አልጣለም። ቀን አንገቱ ላይ፣
ማታ ሚስማር ላይ፤
አርባ ዓመት ኖረች ያቺ ክር እንዲህ፣ ገበያ ወራጅ፣ ሌሊት አራፊ።
ዛሬ በእናቴ ሳጥን ከሙስበሃው ጋራ
ተተብትባ ተኝታለች፤
የሚፈታት ጠፍቶ፣ ወይም የሚደፍር።

ይህን ለመኪያ አልነገርኳትም። እሷ ግን ጠየቀች፦
“ታዲያ ቲቸር፣ ጥምቀቱ የት ደረሰ?” አለች።

የሊቮች ወንዝ ባሕር ይገባል። ሄደ፣ ራቀ።
የኛ ቦርከና ግን አዋሽ ነው የሚገባው፣
አዋሽን ደግሞ ዐፋር ላይ ምድር ትጠጣዋለች፤
ካገር የሚወጣ አንድ ጠብታ የለንም።
የታጠበው ሁሉ እዚሁ ነው፣
ከነአሸዋው፣ ከነሳሉ፣
እዚሁ ነው የሰረገው።

ደወል ተደወለ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤
ባልቲክ ነጭ ውሃ ሆኖ በግድግዳው ወረደ፣
ወለሉን ይዞ ወደ ወንበሮቹ ሄደ፤
መኪያ እግሯን አነሣች፣ ጫማዋን እንዳይነካት።