የአባ ኮዳ ቁርጭምጭሚት

ጀሶው ሲሰነጠቅ ቀድሞ የወጣው ሽታ
የላብ፣ የኖራ ነው፤ ዓሣም አለው ላፍታ።
አሥራ አንድ ሳምንት በጨለማ ታስሮ
ብቅ አለ ያ እግር፣ ቆዳው ተፈርፍሮ።
«ይኼ የኔ አይደለም» አለ ቀና ብሎ፣
«ባቴን ማን ሰረቀው፣ ይኼን ክር ተክሎ?»
ባት እንዲህ ነው አልኩት፤ ሥራ ሲያጣ ይሄዳል፣
ሲሄድ በሩጫ ነው፤ ሲመለስ ያዘግማል።

አደጋው ለወሬም፣ ለተረት አይመች፤
ከጀልባ ሲወርድ፣ ጭቃ ውስጥ የኖረች
አንዲት የጠርሙስ ስባሪ፣ ከተረከዙ በላይ
ያን ወፍራም ጅማት ቆረጠችው፤ ደም እንኳ ብዙ አይታይ።
«ድምፁን ሰማሁ» ይላል፤ «መረብ ስትጎትት
ገመዱ ሲበጠስ፣ ጧ! ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ እግር ማጣት።»

ዳንጊሶ አልጋው ጫፍ ላይ መጠየቅ ይወዳል፤
እኔም፣ እጄ ሲሠራ፣ አፌ ይነግረዋል።
ከሎሚህ በታች ሁለት አጥንቶች አሉ፣
ጎን ለጎን ወርደው ቁርጭምጭሚት ደጅ የሚውሉ።
ወፍራሙ ቅልጥም ነው፣ ሸክምህ የሱ ነው፤
ቀጭኑ በስተውጭ፣ ብዙም አይጫነው።
«ገባኝ» አለ ስቆ፣ «እኔና ወንድሜ ነን፤
እኔ ሸክም ስችል፣ እሱ ምክር ሲሆን።»
አታሹፍ አልኩት፤ ቀጭኑ ባይኖር ኖሮ
ቁርጭምጭሚትህ ሄዶ ነበር፣ ደጁን ሰብሮ።
ሁለቱ ናቸው በግራ በቀኝ፣ መቃን ሆነው ይዘው፣
መሐል ያለችውን አጥንት እንዳትወጣ ያገዷት፣ አጥብቀው።
ዙሪያው የታሰረው በጅማት ነው፣ እንደ መረብ ዓይን።
«መረብ ከሆነማ ምን አለፋችሁ፣ ስጭኝ መርፌውን!»

ከዚያ ወደ ታች ነው ትልቁ ጨዋታ፤
ሃያ ስድስት አጥንት፣ በአንዲት ጫማ ቦታ።
ከቆጠራው ውጭ፣ ከአውራ ጣትህ ሥር፣ ሁለት ፍሬ ሰሊጥ፤
ዕድሜህን ሙሉ ረግጠኸው ዘይት የማይሰጥ።
«እዚህስ?» አለ። ከቅስቱ አናት ላይ አውራ ጣቴን ጫንኩኝ፤
«ጀልባ ነች» አልኩት፤ «ስሟ ነው፤ ካላመንክ መጽሐፉን አሳዪኝ በለኝ።»

ዝም አለ ዳንጊሶ። እሱ ሠላሳ ዓመት
የሰው ጀልባ ቀዝፏል፤ በሲሶ፣ በዕለት።
«የኔ?» አለ ቀስ ብሎ፤ «እዚህ ውስጥ? እስከ ዛሬ?
እንዴት ሳላውቅ ኖርኩኝ፣ ጀልባ ይዤ በእግሬ?»
ቆየና ደግሞ፣ «ማን ነው የሚቀዝፋት?» አለ።
«ከባትህ የሚወርድ» አልኩት፣ «አንድ ጅማት አለ።»

ሰኔ ላይ ጠፋብኝ፤ ሁለት ቀጠሮ አለፈው።
እግር ጥሎኝ አይደል አሞራ ገደል የወረድኩት፤ ልፈልገው።
ዓሣ ይገፈፋል፣ ቢላዋ ይሳላል፣
አንጀትና ቅርፊት ዳር ዳር ይወረወራል።
አባ ኮዳዎቹ፣ መላጦች፣ ካባ የደረቡ፣
ደመወዝ እንደዘገየበት ሠራተኛ ተሰበሰቡ።
ዳንጊሶ መረብ ይጠግናል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፤
ያ የከሳው እግሩ ካልሲ ውስጥ ተውጦ።
ሲያየኝ አፈረ። ከዚያ፣ ወሬ ለመቀየር፣
«ያን አባ ኮዳ እዪው» አለኝ፤ «ጉልበቱ ወደ ኋላ ሲታጠፍ፣ አይገርምሽም ነገር?»

ጉልበቱ አይደለም፤ ጉልበቱ ከላባው ሥር ተደብቋል።
ያ ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ተረከዙ እዚያ አየር ላይ ተሰቅሏል።
መሬት የነካው ጣቱ ብቻ ነው፣ አልኩት፤
ከተፈለፈለ ጀምሮ እንደተንጠራራ ነው፣ ቀንም ሌሊት።

ብዙ አየው ዳንጊሶ። መርፌውን መረቡ ላይ ሰካና
«ዕድሜ ልኩን? ለኛ ዓሣ አንጀት?» አለና
ተነሣ።
የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዘ፤ ደኅናውን እግር ሰበሰበው፤
በዚያ በቀጭኑ ቆመ፣ እንደ ወፉ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ተረከዝህን አንሳ።»
ባቱ ተንቀጠቀጠ። ግንባሩ ወዛ።
ከቦርሳዬ የሆስፒታል ካርዱን አወጣሁ፣
ተንበርክኬ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከተረከዙ ሥር አስጠጋሁ።
ጫፉ ገባ። ከዚያ ስሙ ገባ፤ የአባቱም ስም ገባ፣ በዝግታ።
አያቱ ላይ ስንደርስ ተረከዙ ካርዱን ተጫነ፤ አበቃ የዚያን ቀን ጨዋታ።
ውጭ በቀረው ወረቀት የእጅ ጽሑፌ ይታያል፦
ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት።
አባ ኮዳው እግሩን ቀየረ፤ ያለ ድጋፍ፣ እዚያው ያንቀላፋል።