ሙያ የሚለው መስመር

የእንግዳ መዝገብ አለ፣ ሙስካት፣ ሙትራ ወደብ ዳር፣
ስም፣ አገር፣ ፓስፖርት፣ ሙያ፣ የክፍል ቁጥር፣
ሌሊት ተረኛዋ እጅ፣ እኔ ዘንድ የሚያድር።

መጀመሪያ ስትመጣ ሻንጣዋ ጎማ የለው፣
በገመድ ነው የታሰረው።
አማያ ኢቱራልዴ። አገር፦ ስፔን። ሙያ፦ ተመራማሪ፤
ዋጋ ጠያቂ፣ ዓሣ ቆጣሪ።
ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች ሰርዲን ወደሚራገፍበት፣
ዘንቢሉ አሁን ስንት ነው? ፀሐይ ሲበረታስ ስንት?
ስትመለስ ጫማዋ በቅርፊት ያብረቀርቃል፣
ደብተሯም ዓሣ ዓሣ ይላል።
ሳቅኩባት። እኔ ራሴ ሒሳብ አያያዝ ኮምቦልቻ ተምሬ፣
ቪዛዬ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ነበር መብረሬ።

አንድ ሌሊት ወበቁ እንቅልፍ ነሥቷት ወረደች፣
ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠየቀች፦
«ለእናትሽ መቶ ሪያል ብትልኪ፣ ሐዋላው ስንት ይቆርጣል?»
«ሰባት። ከዚያ ምንዛሪው አለ፤ እሱም ይሸራርፋል።»
ጻፈችው። ሁለቴ አሰመረችበት።
«ይሄ መስተካከል አለበት።»
«በማን?» አልኳት።
ውጭ መርከብ ጮኸ፤ መልሷን እሱ ወሰደባት።

ሁለተኛ ስትመጣ ሻንጣው ጎማ አብቅሏል፣
መስመሩ ላይ «አማካሪ» ተብሏል።
ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመቱን እንጃ፣ አምታታዋለሁ፣
መዝገቡም በጎርፍ ጊዜ ረጥቦ ሦስት ገጽ አጥቻለሁ።

ከዚያ አንድ ጥር፣ አራተኛው ፎቅ በሙሉ ተያዘ፣
ምንጣፉ ተራገፈ፣ ሊፍቱ ታገደ፣ አበባው ታዘዘ።
ፎርሙን ክራባታም ልጅ ሞላላት፣
ሙያ የሚለው መስመር ጠበባት፣
«የኢኮኖሚና የንግድ ሚኒስትር» ሲል ቃሉ ኅዳጉን አልፎ ፈሰሰ።
ጋዝ ልትዋዋል ነው አሉ። በማግስቱ ውሉ ታሠረ።
በፊቴ ስታልፍ ቀና አለች። አውቃኝ ይሆን? አላውቅም፤
በጠባቂ ትከሻ መሐል ዓይን እንጂ ቃል አያልፍም።

ሎቢው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ያሳየናል፣
በአገሯ አደባባይ ሕዝብ ድስት በማንኪያ ይቀጠቅጣል፤
ጡረታውን ቀንሳለች ይላል አረብኛው ጽሑፍ ከሥር።
እሷ መድረክ ላይ ናት፤ ከንፈሯ ቁጥር ሲዘረዝር፣
ያ የዘንቢል ዋጋ ትዝ አለኝ፤
ከዓሣ ወደ ሰው ተዛውራ መሰለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ ይላል ያገሬ ሰው።
እሷ አልበላችም ይላሉ። ታዲያ የሚቆጫት ምንድን ነው?

ባለፈው ረመዳን መጣች። ብቻዋን። በታክሲ። ማታ።
ፀጉሯ ነጥቶ፣ ያቺኑ ሻንጣ እየጎተተች፣ አንዱ ጎማ ጠፍታ።
ስሟን ጻፈች፣ አገሯን ጻፈች፣ ሙያ ጋ ብዕሯ ቆመ፤
«የቀድሞ...» ብሎ ጀመረ፣ ተሰርዞ ተዳመጠ፣ ጠቆረ፣ ታመመ።
«ይለፈኝ» አለች።
«ይለፍሽ» አልኳት፤
ሙያ በልብ ነው ልላት ፈልጌ፣ በምን ቋንቋ ልንገራት?

ቁልፉን ይዛ አልሄደችም።
«ሐዋላው፣ አሁንስ ስንት ይቆርጣል?»
ለሱሑር የያዝኩት ተምር አፌ ውስጥ ነበር፤ ፍሬውን በመዳፌ ተፋሁ።
«ሰባት።»
ያኔ ለእናቴ ነበር፣ ዛሬ ለእህቴ ልጅ ነው፣ አላልኳትም።
ከመቶው ሪያል አይደለም፣
ከፊቷ ላይ ሰባት ሲቀነስ አየሁ።

ንጋት ላይ በመስታወቱ አየኋት፣ በነጠላ ጫማ፣
ወደ ዓሣ ተራ ስትወርድ፣ ጀልባ እየተራገፈ፣ ገና በጨለማ።
ደብተር አልያዘችም።

አለቃዬ ባዶ መስመር አይወድም፤ ከደመወዝ ይቆርጣል።
ስለዚህ በእርሳስ፣ ቢጠፋም እንዲጠፋ፣
ሙያ በሚለው መስመር ላይ፣
አንዲት ቃል ጻፍኩላት፦
«ጠያቂ»።