ሦስቱ ያልፈነዱት

ይፍቱኝ አባ ቮይቴክ፤ ኃጢአቴን ልናገር፤
ከሁሉ በፊት ግን የጨነቀኝ ነገር፦
ኃጢአቴ የቱ ነው? አላውቀውም በቅጡ፤
ሁለት ይዤ መጣሁ፤ እርስዎ ይምረጡ።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከወንዙ ባሻገር፣
በዚያ ግራጫ ፎቅ፣ በብረቱ መንደር፣
የመድፍ ጥይት አፍንጫ ስፈትሽ፣ ስቆጥር፣
ስሜ ማኅተም ሆኗል፤ አርባ አንድ ቁጥር።
ሞላው ካልላላ፣ ፒኗ ካልጎበጠች፣
"ደህና ናት" እላለሁ፤ ሳጥኗ ውስጥ ተኛች።
ከዚያ ወዴት ትሂድ፣ ጠይቄም አላውቅ፤
ማን ይጠይቅና? ደሞዝ እንደሁ አይጠይቅ።

በዚያው ደሞዝ ነው ቤቴን የከደንሁ፣
ራዲምን አስተምሬ ለወግ ያበቃሁ፣
የዚህ ኦርጋን ቱቦ ሲታደስ ያዋጣሁ፤
እርስዎም መርቀው ተቀብለውኛል፣
ለወቀሳ አይደለም፣ ለማስታወስ ያህል አነሣሁ።

መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ ከገዢው አገር፤
አንድ ሉህ ወረቀት፣ በጣም ጨዋ ነገር፦
"ከላካችሁልን ውስጥ ሦስቱ አልፈነዱም፤
ማኅተሙ አርባ አንድ ነው። ይጣራ።"
አልተሳደቡም።
አለቃዬ ኮፕሪቫ ጠርቶ አስቀመጠኝ፣
"ዝደንካ፣ ዓይንሽ ደከመ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ፤
ከደሞዜ ቆርጦ መነጽር አዘዘልኝ።

ቤቴ ገባሁና፣ እራቴን ሳልነካ፣
ሦስቱን አሰብኳቸው። ይገርማል፣ ለካ
ሃያ ስድስት ዓመት ጆሮዬ ያልገቡት፣
ሦስቱ ዝም ሲሉ ነው ሌሎቹ የጮኹት።

አንዱ፣ እንበል፣ የሰው ጣራ ቀዶ ገብቶ
ከወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ከምድጃው ሥር ቀርቶ፣
አንዲት ሴት በእግሯ ጣት አልፋዋለች ቀስ ብላ፣
የተኛ ልጇን ከነብርድ ልብሱ አዝላ።
ያቺ ሴት ብታውቀኝ እጄን ትስም ነበር።
ለየቱ ደግነት? አንድ ማክሰኞ ስላዛጋሁ ልከበር?

ግን ደግሞ፣ አባ፣ ግን ደግሞ፣ እንቅልፍ የነሣችኝ ይቺ ናት፤
ገዢው ወራሪ ይሁን ተወራሪ
ማንም አልነገረኝ እስካሁኗ ሰዓት።
ሁለተኛውን ምናልባት፣ ታንክ ድልድዩን ሲሻገር፣
መንደር ጠባቂ ጎረምሳ "አንድ ቀረኝ" ብሎ ተኩሶት ነበር፤
ዝም አለ ጥይቱ።
ብታውቀኝ ትስመኛለች ወይ፣ የዚያስ ልጅ እናቱ?

ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ማሳ ውስጥ ነው ይመስለኛል፤
ዝናቡ እስኪያባራ፣ ማረሻ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ማታ ማታ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፤
አንዱ ጡረተኛ ጄኔራል፣ አንዱ ፕሮፌሰር ነው አሉ።
ያኛው "ፍትሐዊ ጦርነት" ይላል፣ ይኼኛው "ፍጹም ሰላም"፤
በሁለቱም ጥፍር ሥር ዘይት የሚባል የለም።
ልጄ ራዲም ደግሞ ከፋብሪካው በር ቆሟል ሰልፈኛ ሆኖ፣
በኔ ደሞዝ በተገዛ ካፖርት ተጀቡኖ፤
"ገዳዮች!" ይላል ካርቶኑ። ስወጣ ስገባ ያየኛል፤
ማታ ግን ይደውላል፤ "እማ፣ በልተሻል?" ይለኛል።
እርስዎም፣ አይቆጡኝ፣ ሰኔ ላይ ስለ ሰላም ሰበኩ፤
ኅዳር ላይ ለሚዘምቱት ባንዲራውን ባረኩ፤
ሁለቱንም ጊዜ፣ ከፊት ወንበር፣ ጮኼ "አሜን" አልኩ።

እንግዲህ የቱ ነው ኃጢአቴ?
ያሳለፍኳቸው፣ የሠሩት፣
ቁጥራቸው የጠፋኝ፣ ደብዳቤ ያልተጻፈባቸው፣ የፈነዱት?
ወይስ እነዚያ ሦስቱ፣ ሥራቸውን ትተው የተኙት?

ዝም አሉ፣ አባ።
ከወንፊቱ እንጨት ወዲያ ትንፋሽዎ ይሰማኛል።
ግድ የለም፣ ያስቡበት። መነጽሩ ዛሬ ደርሶኛል፤
ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃዬ ይጀምራል።
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከዓይኔ አታመልጥም፤
ከእንግዲህ ብሳሳት፣ ስሕተት አይባልም።