ሰማያዊ ባልዲ

ከኦሩሮ የተነሣን በሌሊት ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤
ወንድሜ ሩፊኖ ባልዲውን አቅፎ፥ እንቅልፉን ይታገላል።
"ባሕሩን በዚህ ቀድቼ፥ ለክፍሌ ልጆች ላሳይ"
ይላል፤ አባቴም ይሥቃል፤ "ክዳን የለውም፤ እንዳይፈስብህ መንገድ ላይ።"

በሀገራችን ባሕር የለም።
መዝሙሩ ግን አለ።
በየመጋቢቱ እንዘምራለን፥ ሜዳ ላይ ተሰልፈን፥
ማንም ያላየውን ውኃ፥ በወረቀት አቅፈን።

አክስቴ ሳቱርኒና፥ አርባ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ የሰው ቀሚስ፥
ለዚህ መንገድ ለራሷ ሰፋች፤ ዘርፈ ሰፊ፥ ቢጫ፥ አዲስ።
"እግሬን ብቻ ነው የምነክር፥ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ፤
ልዋኝ እንዴ ታዲያ፥ በዚህ ዕድሜ፥ በዚህ ማዕረጌ?"

ፒሲጋ ስንደርስ ነጋ፤ ሰው ሁሉ ከአውቶቡስ ወረደ፤
በአንዲት መስኮት ፊት ሰልፉ፥ በነፋስ እየተገፋ ሄደ።
ከፊታችን ሁለት ፈረንጆች፥ ቦርሳቸው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት፤
የአንዱ ፓስፖርት ረጥቦ ተጣብቋል፤ ማኅተሙ ግን አልዘገየበት፤
"ወደ ቺሊ እንኳን ደህና መጣችሁ፤" ፈገግታም ተጨመረበት።

ከዚያ ከመስኮቱ ጣት ወጣ፦
"ባለ ባርኔጣዎቹ! እናንተ፥ ወዲህ፤ ከሰልፉ ውጡ።"
እናቴና አክስቴ ነበሩ።

ልጅ ነው ወታደሩ። ጢሙ ለመብቀል ገና አልወሰነም።
"ስንት ይዛችኋል? ጠረጴዛው ላይ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።"
እናቴ ቆጠረች፤ የሁለት ዓመት የሽንኩርት ትርፏን፥
ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፥ ሳንቲሙ ሳይቀር።
"ለሥራ ነው የምትሄዱት።"
"ለሽርሽር ነው።"
"እናንተ? ለሽርሽር?"
ሣቀ፤ ለጓደኛውም ደገመለት፤ "ሽርሽር ይላሉ፤ ሽርሽር!"

ወረቀት አገላበጠ።
አንዱ ጸሐፊ "ሁዋንካ" ብሏታል እናቴን፤ ሌላው ጸሐፊ "ዋንካ"፤
ሁለቱም ስሟን ሲጽፉ፥ እሷን አልጠየቁም ለካ።
"እናትየው ሁለት ሴት ናት፤ ልጁ የየትኛዋ ነው?" አለ፤
ሩፊኖ ጣቷን ጨበጠ፤ ባልዲው ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ።

አባቴ ማዕድን ቆፋሪ ነው፤ ድምፁ ከድንጋይ ጋር ያደገ፤
ከአለቃው ጋር ሲጣላ፥ ከጉድጓዱ አፍ ይሰማል።
ያን ዕለት ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አስጠጋው።
"ጌታዬ" አለው፥ ያንን ልጅ። "ጌታዬ፥ እባክህ።
ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም፥ ጌታዬ።"
ሦስት ጊዜ።
እኔም ቆጥሬያለሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አልነበረም።

ሾፌሩ ጆንያችንን ከጣሪያ አወረደ፥ ዓይናችንን ሳያይ፤
የትኬቱን ነገር አላነሣም፤ እኛም አላነሣንም።
አንዲት ሴት በመስኮት ዳቦ ወረወረችልን፤
ያን ዳቦ እስካሁን አልወደድኩትም፤ በላነው እንጂ።

ከኬላው ጀርባ የጨው ሜዳ አለ፤ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ነጭ።
የመልሱን መኪና ስንጠብቅ፥ አክስቴ ጫማዋን አወለቀች፤
ቢጫ ቀሚሷን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ገባች።
"ዱሮ ይሄም ባሕር ነበር።"
"አይደለም" አለ ሩፊኖ፥ እንባው አፍንጫው ላይ ደርቆ፤ "ውኃ የለውም።"
"አውቃለሁ" አለችው። "ዝም ብለህ ቅዳ።"

ባልዲው ዛሬ የዶሮ ውኃ ማጠጫ ነው።
አክስቴ ከሞተች አራት ክረምት ሆናት፤ በቢጫው ቀሚስ ነው የተቀበረች።

ዘንድሮ ለሥራ ብለው ላኩኝ፤ ኢኪኬ፥ በአውሮፕላን፤
ስሜ በአንድ ፊደል ተጽፎ። ማንም አልጠየቀኝም።
አሸዋው ላይ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ፤
ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዘረጋሁለት።
"ምን ይላል?" አለኝ።
አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።
"ምንም አይልም፥ አባዬ። ይጮኻል ብቻ።"
ሳለ፤ የማዕድኑን ሳል፥ ረጅሙን።
"እግርሽን ነከርሽ?"
"ገና ነኝ።"
"እንግዲያ ንከሪ" አለ፤ "ቀሚስሽን ከፍ አድርገሽ።"