ለቪቶልድ፣ አሥረኛውን ለሚያስበው

የታንኳ ስም ይዛ፣ ወንዝ የማይታይባት፣ ይህቺ ዉጅ ከተማ፣
ወንዟን ቀብራዋለች ከፋብሪካው በታች፤
ሌሊት፣ ትራም ሲያቆም፣
ከጉድጓድ ክዳን ሥር ጆሮ ላለው ብቻ ሲሄድ የሚሰማ።

እኔ ጆሮ አለኝ። ጆሮ ነው እንጀራዬ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፒዮትርኮፍስካ ጀርባ፣ በምድር ቤት ስቱዲዮ፣
ለፊልም ድምፅ ስሠራ፣
የሰው እርምጃ ስራመድ አለቀ ጫማዬ።

ትናንት ማታ መጣህ፣ በቀጭኑ ዝናብ፤ ካፖርትህን ሳታወልቅ፣
ከመሳቢያው አጠገብ ወንበር ስበህ ተቀመጥህ፤ ጠየቅኸኝ በጭንቅ፦
"ዘጠኝ ፊልም ሠራሁ፤ ዘጠኙም ሌላ ዓይነት።
አሥረኛው ምን ይሁን? ንገረኝ እስቲ አንተ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ፍርሃት።"

ተቺዎችህማ አሉ፤
አንዱ "ሙዚቃዊ ይሞክር"፣ አንዷ "የጠፈር ጉዞ" ይላሉ፤
ያ ፕሮዲውሰርህ፣ ሮዝጋ፣ "የሚሸጠውን" ይላል፤ ሌላ ቃልም የለው።
እኔን ከጠየቅህ ግን፣
የፊልምን ዓይነት በስሙ አላውቀውም፤
በምሰብረው ዕቃ፣ በምቀደው ጨርቅ ነው የምለየው።

አስፈሪው ፊልምህ ለኔ ሦስት እስር ካሮት ነው፤
አንገት በተሰበረ ቁጥር አንድ ካሮት ሰበርኩ፣ ትራፊው ሾርባ ነው።
ጦርነቱ ጠጠር፣ ቆርቆሮ ትሪ ላይ፣ የቆዳ ቀበቶ፤
በረዶ ላይ ሲሸሽ ያስለቀሰን ሻለቃ
የድንች ዱቄት ነበር፣ ከረጢት ተሞልቶ።
የፍቅሩ ፊልም... አትሳቅ...
የገዛ ክንዴን ሳምኩት፣ አርባ ሰባት ጊዜ፤
ሚስቴ ቦጉሚዋ ብልዙን አይታ
ሁለት ቀን አኮረፈች፣ በማይረባ መዘዜ።
የወንጀሉ ክብሪት። የኮሜዲው እርጥብ የጎማ ጓንት።
የቀሩትን ተወው።

ግን አንድ ነገር አለ፤ አንተም አታውቀው ይሆናል፤
በዘጠኙም ፊልም አንድ ሰው ደረጃ ይወጣል፤
ከኪሱ ቁልፍ ያወጣል፤
ከቀዳዳው ያስገባል፤ አያዞረውም፤ ቆሞ በሩን ያያል፤
መልሶ ወደ ኪሱ። ወርዶ ይሄዳል።
ወታደሩ አደረገው። ነፍሰ ገዳዩም። ሙሽራው፣ አበባ እንደያዘ።
ያ ወፍራም ቧንቧ ሠሪ እንኳ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅበት፣
በሩ ላይ ፈዘዘ።

ቁልፉ የኔ ነው። የናስ ነው፤ ጥርሱ የተሸረፈ፤
ከአሮጌ ዕቃ ተራ በሁለት ዝዎቲ የገዛሁት፤
ስምህ በወረቀት ተለጥፎበት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ዘመን ያሳለፈ።
ደረጃውንም የወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤
በጦሩም፣ በፍቅሩም፣ በሳቁም ቆጥሬአለሁ፣
አርባ አራት እርምጃ ነው።

ታዲያ ዓይነት ለወጥህ ይሉሃል? ልብስ ነው የቀየርህ።
በአባቶቼ ቅኔ ሰምም ወርቅም አለ፤
አንተ ሰሙን ዘጠኝ ጊዜ አቅልጠህ፣
ወርቁን አንድ ቀን አልነካህ።

በሩ የማን እንደሆነ አልጠይቅም።
ባዉቲ ሰፈር ይሁን፣ ከሸማኔዎቹ ቤት፣ ወይ ሌላ አገር፣ እኔ ምን ቤት ነኝ።
ግን አሥረኛው ላይ ፈረስ አታምጣብኝ፤
መንኮራኩር ይቅር፤
ቁልፉ ይዙር።
ከውስጥ ሳቅ ከጠበቀህ፣ ኮሜዲ ነው በሉት፤
ጩኸት ከሆነ፣ አስፈሪ ነው በሉት፤
አቧራና የተነጠፈ አልጋ ከሆነ፣
ስም ያውጡለት ተቺዎቹ፣ እነሱ ይጨነቁበት።

ሳትመልስልኝ ወጣህ።
ልማድ ነውና እርምጃህን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆምህ፤
ዝናቡን ያየህ መሰለኝ። ከዚያ ሄድህ።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያዬን ከፈትኩ፤
ወረቀቷ አለች፣ ቁልፉ የለም።
እኔም ገበያ ወጥቼ ተመለስኩ፤
ካሮት አልገዛሁም።