የአንገትሽ በር

ካስትሮ፤ ባሕሩ ላይ በረጃጅም እግሮች የቆመ ቤት፣
ከወለሉ ሥር ውኃው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቀንም ሌት።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ነው፤ መቼስ ዝናብ የማይኖር?
አንቺ ተኝተሻል፣ ዳማሪስ፣ አንገትሽ ላይ ትንሽ በር።

ሐኪሟ ሥዕል ሥላ ነበር ያሳየችኝ፣ በወረቀት፤
«እዚህ ጋ ነው የምንከፍተው፣ ከጉሮሮዋ ዝቅ፣ ከደረቷ አናት።»
እኔም «እሺ» አልኩ፣ ጨንቆት ገበያ የወጣ ሰው
ዋጋ ሲጠሩለት «እሺ» እንደሚለው፣
ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳይቆጥረው።

ስለ ቁስሉ ነገሩኝ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ መታፈን፤
ለቅሶሽ ድምፅ እንደማይኖረው ግን የነገረኝ ማን?
አፍሽ ይከፈታል፣ ፊትሽ ይቀላል፣ እንባሽ ይወርዳል፣
ክፍሉ ጭር፤ ውጭ የጀልባ ሞተር ሲያስል ይሰማል።
አንድ ቀን ድንች ስልጥ ጀርባዬን ሰጠሁሽ፣ ለአፍታ፤
ዞር ስል ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ እጅሽ አየር ይመታል፣ በዝምታ።
ከዚያ ወዲያ ጀርባ የለኝም። የምልጠው ወደ አንቺ ዞሬ፣
የማጥበው ወደ አንቺ ዞሬ፤
በዓይኔ እየሰማሁሽ ነው እስከ ዛሬ።

አባትሽ ኤልዬሰር መረብ ይቋጥራል፣ ሳልሞን እርባታው ላይ፣
በጨለማ፣ በውርጭ፣ ጣቱን ሳያይ፤
የአንገትሽን ማሰሪያ የቀየረ ቀን ግን እጁ ተንቀጠቀጠ።
ነርሷ «አንድ ጣት ይግባበት» አለችው፤ ትንሿን ጣቱን መረጠ፣
እሷም ወፍራም ሆነች፤ ሳቅን። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ፤
ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አየሁት። ማየቴን አላየ።

ሌሊት ማሽኑን አስነሣለሁ፤ ሽርርር ይላል። ቀጭኑን ቱቦ አስገባለሁ፣
እስከ ምልክቱ፣ ከዚያ አላልፍም። የራሴንም ትንፋሽ እይዛለሁ፤
እኔን ሲያፍነኝ አንቺንም አፍኖሻልና ቶሎ አወጣለሁ፤
«አበቃ፣ አበቃ» እላለሁ።
ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና።
ያበቃ ነገር የለም፤ እዋሻለሁ።

ደሴቲቱ በእንጨት ነው የምትሞቀው። እኛ ምድጃውን ነቅለን
ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርበን
ከረምን።
ነፋሱ ከደቡብ የተነሣ ቀን የጎረቤታችን የዶኛ ሩዴሲንዳ ጢስ
በመስኮታችን ስንጥቅ ይገባ ነበር፣ እስከ አልጋሽ ድረስ።
አንድ ጠዋት እርሾ ልበደር ብሄድ፣ ካፖርቷን ደርባ፣ ቆብ አጥልቃ፣
ምድጃዋ ቀዝቅዞ፣ ተቀምጣለች ጉልበቷን አቅፋ ጠብቃ።
«አመመዎት እንዴ?» አልኳት።
«ኧረ ነፋሱ ነው፤ ዛሬ ወደናንተ ዞሯል» አለች፣
እርሾውን በማንኪያ እየሰፈረች፤
ከዚያ ስለ ድመቷ አወራች።

በመጋቢት ፑዌርቶ ሞንት ወሰድንሽ፣ በአውቶቡስ፣ በጀልባ፤
ሐምራዊ ክዳን ገጠሙልሽ፣ አዝራር የምታህል፣ አየሩ ወደ አፍሽ እንዲገባ።
ጠበቅን። አባትሽ ስልኩን ደግኖ፣ ቃልሽን ሊቀርጸው፤
አንቺ ነቅለሽ ወረወርሽው።
ነርሷ ከአልጋ ሥር ተንበርክካ አገኘችው።
ሳምንት፤ ምንም።
ሁለት ሳምንት፤ ምንም። ክዳኑን ግን ለመድሽው።

አንድ ማለዳ እንደ ልማዴ ወደ አንቺ ዞሬ ሳህን ሳጥብ
ሽርርር የሚል ሰማሁ።
ማሽኑን አየሁ፤ ጠፍቷል።
ሶኬቱን አየሁ፤ ተነቅሏል።
አንቺን አየሁ።
አሻንጉሊትሽን አጋድመሽ፣ የጫማ ክር አንገቷ ላይ ይዘሽ፣
ከንፈርሽን አሹለሽ፣
«ሽርርር»፤
ሻካራ ድምፅ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ ያንቺ።
ከዚያ አንገቷን በእጅጌሽ ጠረግሽና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለሽ
«...በቃ» አልሻት፣ «...በቃ»፤
የመጀመሪያዋን ፊደል ትንፋሽሽ አላደረሳትም።

ስልኬን አላነሣሁም።
ቱቦው መቼ እንደሚወጣ አላውቅም፤ ሐኪሟም አታውቅም።
ገና ያልታጠቡ ሁለት ሳህኖች ነበሩ።
ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ወደ ባሕሩ፤
ጀርባዬን ሰጠሁሽ።
ከኋላዬ ሽርርር።
በጆሮዬ ሰማሁሽ።